ትልቁን ስፒከር ያገናኘንበት ቅዳሜ

የባሌ ድምፅ ወፍራም ነበር። በር ላይ ቆሞ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ቃሉ ባይገባኝም፣ እሱ መሆኑን ጓዳ ሆኜ አውቅ ነበር። የሚያስተምራቸው ልጆች «ቲቸር ሲቆጣ ጠመኔው ከሰሌዳው ይወድቃል» እያሉ ይስቁበት ነበር አሉ። ቁጡ ሰው ግን አልነበረም። ያን ሁሉ ድምፅ ይዞ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ሲናገር ደግሞ ጎንበስ ብሎ ይሰማል።

የተዋወቅነው ነቀምቴ ነው። እኔ የጊዳ አያና ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያ የሰፈረ ገበሬ ነው። ለትምህርት ነቀምቴ ላከኝና በዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ቀረሁ። እሱ የአርጆ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ ያደገው ደግሞ በወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አባቴ ላገባው መሆኑን ሲሰማ «ለጴንጤ ልድርሽ ነው ያስተማርኩሽ?» ብሎ አኮረፈኝ። ባሌ ነገሩን ለሽማግሌ አልተወውም፤ በአጨዳ ወቅት ከእኔ ጋር ጊዳ አያና ሄዶ፣ ማጭድ ተቀብሎ፣ ከአባቴ ጎን ጤፍ ሲያጭድ ሰነበተ። ሲሸኘን አባቴ እኔን ወደ ጎን ጠራና «ሃይማኖቱን ተይውና፣ ልጁስ ሰው ነው» አለኝ።

ቤታችን እዚያው ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ነበር። እሁድ ጠዋት አብረን እንወጣና መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ እንለያያለን፤ እኔ ወደ ማርያም፣ እሱ ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን። ስመለስ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ከመዘምራኑ ጋር ቤዝ፣ ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ፣ ይዘምር ነበር፤ እኔ ግን ከእነሱ ጋር ሆኖ ሲዘምር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። የማውቀው ሸሚዙን ሲተኩስ የሚያንጎራጉረውን ነው። እሱም ለብቻው ሲሆን ዜማ አይመስልም። አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እንደገና እዚያው ይመለሳል።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት መዝሙር ነው?» እለዋለሁ።

«የኔ ድርሻ ከሥር ነው እኮ። ሌሎቹ ከላይ ካልኖሩ አይገባሽም» ይለኛል።

በኋላ ጊዜው ከፋ። በደርግ ጊዜ ወለጋ ውስጥ የወንጌል አማኝ መሆን ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሸገ፤ ሽማግሌዎቹ ታሰሩ። ሕንፃው የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። ኦርጋኑም፣ ማይክሮፎኑም፣ ስፒከሩም ለቀበሌው የኪነት ቡድን ተሰጠ። መዘምራኑ ከመበተናቸው በፊት አርጆ አንድ ሰው ቤት ተሰበሰቡ፤ በርና መስኮት ዘግተው መዝሙሮቻቸውን በካሴት ቀዱ። ባሌ አንዱን ቅጂ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣና ከልብሱ ሥር ደበቀው። ግድግዳችን ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል ብለን ሳንከፍተው ቀረን።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የባሌን ስም ያነበበው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። እሱም የአርጆ ልጅ ነው፤ ከባሌ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ተምረዋል፤ የባሌ እናት ቤት እንጀራ በልቶ አድጓል። ያን ቀን ግን ስሙን እንደማንም ሰው ስም አነበበና ወደሚቀጥለው አለፈ። ባሌ እጁን አውጥቶ «አለሁ» አለ። አዳራሹ የድሮው ቤተ ክርስቲያናቸው ነውና ድምፁ ጣሪያው ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ሰዎች ዞር ብለው አዩት።

ምልምሎቹ በተሸኙ ቀን እርጉዝ ነበርኩ። መኪናው ላይ ከተጫኑ በኋላ በሰዉ መሐል ተጋፍቼ ከሥሩ ደረስኩ። ጎንበስ ብሎ «አዮን አምጫት። ብቻሽን እንዳትወልጂ» አለኝ። አዮ የሚላቸው እናቱን ነው። ሌላም ነገር ተናገረ፤ ሞተሩ ሲነሳ አልሰማሁትም። «ምን አልክ?» ብዬ ጮህኩ። እጁን አወዛወዘልኝ። ምን ብሎኝ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አማቴን ከአርጆ አመጣኋቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ከወለዷቸው ልጆች የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር። እኔም እንደሱ አዮ አልኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሉኝ። ኦሮምኛዬን «የጊዳ አያና ኦሮምኛ፣ ወሎ ወሎ የሚሸት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ገላዋን ያጠቡት፣ እኔን ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ አካባቢ ከሰሜን ግንባር የሱ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ደህና ነኝ፣ ብርዱ ይከብዳል፣ አዮን ሳሚልኝ፣ ይላል። ከመውለዴ በፊት ነው የቆመው። ልጃችን መወለዷን ለመንገር የጻፍኩትም መልስ አላገኘም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አዮ የባሌን ልብስ ፀሐይ ላይ አውጥተው ሲያራግፉ ደረስኩ። ካሴቱ እጃቸው ላይ ነበር።

«ይሄ የሱ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቴፕ ነበረችን። አልጋው ላይ አስቀመጥናት፤ ብርድ ልብስ ደረብንባትና ሁለታችንም ጭንቅላታችንን አስጠግተን ከፈትናት። ሴቶቹ ጀመሩ። አዮ ወዲያው ፊታቸው በራ። «ይቺ የአናጢው ልጅ ናት። ይሄ ቀጭኑ ደግሞ ያ ረጅሙ ነርስ» እያሉ አንድ በአንድ ለዩአቸው። ከዚያ የሱን ጠበቁ። መዝሙሩ አለቀ፤ ሌላው ቀጠለ፤ እሱም አለቀ።

«ኢልሚ ኮ ኤሳ ጂራ?» አሉ። ልጄ የታለ?

«አለ እንጂ አዮ። አብረው እኮ ነው የዘመሩት።»

«እስቲ መልሺው።»

መለስኩት። ጆሮዬን ቴፕዋ ላይ ለጠፍኩት። የሴቶቹ ድምፅ አለ፤ የወንዶቹም ቀጭን ድምፅ አለ። የሱ የለም። ከሥር የሆነ ኩርርር የሚል ነገር ሰማሁ፤ እሱ ግን የባትሪው ይሁን የሰው አይለይም።

አዮ ከአልጋው ተነሡ። «ሁሉም እዚህ አሉ» አሉ። «የአናጢውም ልጅ ቤቷ አለች፤ ነርሱም አለ። የኔ ብቻ ነው የጎደለው። እዚህም የለም፣ እዚያም የለም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነገር ዓለማቸውን ተዉት። ቁራሽ አንስተው አፋቸው ሳይደርስ ይመልሱታል። ካሴቱን እንደ ምልክት ቆጠሩት፤ ድምፁ ከሰው መሐል ተለይቶ የጠፋው እሱ በሕይወት ስለሌለ ነው አሉ። ማስረዳት አልቻልኩም። ስውል ሳድር እኔም ማመን ጀመርኩ።

ባትሪ የምገዛው ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ ነበር። ገበያው መንገድ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ይሸጣል፣ ይጠግናልም። ሙስሊም ነው፣ ጨዋ ሰው፤ ባሌ ደመወዝ ሲቀበል ሱቁ ገብቶ ሬዲዮ ሲያይ ይቆይ ስለነበር ይተዋወቃሉ። ያን ሳምንት «ምነው ከሳሽ እህቴ?» ሲለኝ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ አቃተኝና ሁሉንም ነገርኩት።

ካሴቱን ተቀብሎ በሱቁ ቴፕ ከፈተው፤ ድምፁን ቀንሶ አዳመጠ። ደንበኛ ሲመጣ ዘጋ፤ ሲሄድ ከፈተ።

«ልጁ አልጠፋም» አለኝ በመጨረሻ። «ያንቺ ቴፕ ስፒከር መዳፍ አታክልም። ወፍራም ድምፅ ከእንዲህ ያለ ስፒከር አይወጣም። ካሴቱ ላይ ግን ተቀድቷል።»

«እንዴት ይወጣል ታዲያ?»

ወደ መደርደሪያው አሳየኝ። ሬዲዮም አምፕሊፋየርም ያለው ጥሩ ሪሲቨር ነበረው፤ ለሽያጭ ሳይሆን ለራሱ ያስቀመጠው። ካሴቱን በዚያና በሁለቱ ስፒከሮቹ ሞከረልኝ። ትንሽ ይሻላል። አንድ ሰው ከወንዝ ማዶ እንደሚናገር ሆኖ ተሰማኝ፤ ለእናት ግን የሚበቃ አይደለም።

«ቤዝ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ባንድ የሚጫወትበት ዓይነት» አለ። ቀጥሎ የሚለውን ለማለት ሲያመነታ አየሁት። «በዚህ ከተማ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የራሳቸው የቤተ ክርስቲያናቸው የነበረው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ቀበሌ ነው ያለው።

ሊቀ መንበሩ ቢሮ ስገባ የእህቴ ልጅ ሠርግ አለ ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር። ፊቱን ሳየው ውሸቱ ጠፋብኝ።

«የኪነቱን ትልቅ ስፒከር እንዲያውሱኝ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«አዮ የልጃቸውን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ። በካሴት አለ። ያለ እሱ ስፒከር አይሰማም።»

አዮ ስል ቀና አለ። እሱም በልጅነቱ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ማኅተሙን አንስቶ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ።

«የምን ካሴት ነው?»

«የመዝሙር።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። አለቀልኝ አልኩ፤ ልጄን ማን ያጠባታል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስፒከሩ ተቀዷል። ኪነቶቹ ቀደውት ስቶር ተጥሏል።»

«ይጠገናል።»

«ቅዳሜ ሰልፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ሜዳ ነው የሚውለው። ያን ጊዜ ከጀርባው በር ውሰጂ። ሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ ካላገኘሁት፣ ተሰረቀ ነው የምለው። አላውቅሽም።»

አመስግኜ ልወጣ ስል «ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ቅርብ ነን። መጥተው ይጠይቋቸው።»

«አልችልም» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መፈክሩ ከሩቅ ሲሰማ ስፒከሩን በእጅ ጋሪ ጭነን፣ ላዩ ላይ ፍራሽ ጥለን አመጣነው። እኔ በአራስ ልጅ ሰበብ ከሰልፍ ቀርቻለሁ፤ ነጋዴው ወንድሙን በሱ ስም ሰልፍ ልኮ፣ ሪሲቨሩንና ስፒከሮቹን በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ትልቁ ስፒከር ቁም ሳጥን ያክላል። ፊቱ ላይ የነበረውን መስቀል ፍቀው ቀይ ኮከብ ቀብተውበታል፤ ፍቀቱ ግን በደንብ ስላልሆነ መስቀሉ ከቀለሙ ሥር ይታያል። አዮ አዩትና መሬቱን ጠረጉለት፤ ቁርበት አነጠፉለት።

ነጋዴው የፊቱን ጨርቅ ገልጦ የተቀደደውን አየ። የሲጋራ ወረቀት በኮላ እየነከረ ቅዳዱ ላይ ደራረበ፤ እስኪደርቅ በካርቶን አራገበው። ከዚያ የመብራት ገመድ አወጣ፤ ሁለቱን ክር ሰነጠቀና ጫፋቸውን በጥርሱ ላጠ። ትንንሾቹን ስፒከሮች ከሪሲቨሩ ጀርባ ካለው አንደኛው መሰኪያ ላይ፣ ትልቁን ከሁለተኛው ላይ አሰረ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ማገናኘት ነበረበት። የትልቁ ስፒከር ምልክት ግን ኮከቡን የቀቡ ሰዎች በቀለም ሸፍነውታል። በግምት አሰረው።

መስኮቱን ዘጋን። አዮ ነጠላቸውን አስተካክለው ከስፒከሩ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነበር አቀማመጣቸው። ልጄ ጭናቸው ላይ ነች። ነጋዴው ካሴቱን ከፈተ።

ሴቶቹ ጀመሩ። ጥርት ብለው፣ ቤቱን ሞልተው። ወንዶቹ ቀጠሉ። ነጋዴው የቤዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ጠበቅን። ምንም የለም። እንዲያውም ሱቁ ውስጥ ከሰማሁት ያነሰ ነበር። እጄን ስፒከሩ ላይ አደረግሁ፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይሠራል። ድምፁ ግን የለም።

አዮ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ሂን ጂሩ» አሉ። የለም ማለት ነው፤ ለወጣ ሰውም ይባላል፣ ለሞተም ይባላል። ልጄን አቅፈው ሊነሡ ዱካውን ተደገፉ።

«ይቆዩ እማማ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አለ ነጋዴው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አንድ እጁን ትልቁ ላይ፣ አንድ እጁን ትንሹ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ «አሃ» አለ። «አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል። እርስ በርስ እየተበላሉ ነው።» ሪሲቨሩን አጠፋ፤ ከትልቁ ስፒከር ጀርባ ተንበረከከና ሁለቱን ሽቦ ፈትቶ ቦታቸውን አለዋወጠ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ ከፈተ።

መጀመሪያ የተሰማኝ በእግሬ ነው። ከወለሉ መጣ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ ከላይ ይዘምራሉ፤ ከሥራቸው፣ ሁሉንም ተሸክሞ፣ እሱ አለ። ያ ሸሚዝ ሲተኩስ የሚያንጎራጉረው፣ አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ትንሽ ዝቅ የሚለው፣ እሱ ራሱ ነው። ዜማ የማይመስለኝ የነበረው ነገር ሌሎቹ መሐል ሲገባ እንዲህ ያለ ነገር ኖሯል። መንታ መንገዱ ላይ ተለይቶኝ የሚሄደው ይሄን ሊዘምር ነበር።

«ኩኖ!» ብለው ጮኹ አዮ። ይኸው! «ኩኖ ኢሳ!» ይኸው እሱ! ልጄን ለኔ ወርወር አድርገው ሰጡኝና በሁለት መዳፋቸው ስፒከሩን ያዙት። ግንባራቸውን ኮከቡ ላይ አስደገፉ። ልጄ ያን ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ እሪ አለች፤ አንገቴ ውስጥ ተወሸቀች፤ ባባብላት ባባብላት እምቢ አለች።

አዮ ዞረው አዩአት፤ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «አባቷን ፈራችው» አሉ። «አባቷን እኮ ነው የፈራችው!»

ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየና «በር ላይ ልጠብቅ» ብሎ ወጣ። እኔም ልጄን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የጎረቤት አጥር ይዤ ቆምኩ። ደስታ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ አልሆነም። እስከዚያ ቀን ድረስ ናፍቆቱን ችዬው ነበር፤ ሥራ እሄዳለሁ፣ ልጅ አሳድጋለሁ። አሁን ድምፁ ቤት ውስጥ አለ፤ እኔ ደግሞ ገብቼ «ምን ልሥራልህ?» ልለው አልችልም። ተናደድኩበት። ወስደው እንዳስቀሩት እያወቅሁ እሱ ላይ ተናደድኩ።

ስመለስ አዮ ያወሩታል። አርጆ ያለችው ላም ሴት ጥጃ እንደወለደች ነገሩት። የጎረቤታቸውን ሞት ነገሩት። ልጅህ ቅንድብዋ ያንተ ነው፣ ቁጣዋ የእናቷ ነው፣ አሉት። መዝሙሩ ሲያልቅ ዝም ይላሉ፤ ሌላው ሲጀምርና እሱ ከሥር ሲገባ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ከሰልፉ ሰው እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ዋሉ። ነጋዴው «እማማ፣ ሰው እየመጣ ነው» ብሎ ሽቦውን ሊፈታ ሲጎነበስ እጁን ያዙት።

«ይቆይ። አይፈታ። ባይናገርም እዚህ ይቆይ።»

እሁድ ሙሉ ቀን ታስሮ ቆየ፤ አልከፈትነውም። አዮ ግን አጠገቡ ነበር የዋሉት። ሰኞ ማለዳ ሸፍነን ወደ ስቶሩ ከመመለሳችን በፊት በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት። ያን ቀን ምሳቸውን በሉ። «አለ» አሉኝ እየጎረሱ። «የጠፋው በሽቦው ነው። እሱም የሆነ ቦታ ሽቦው ተሳስቶበት ነው እንጂ፣ አለ።»

በዚህ ተስፋ ዓመታት ኖርን። ልጄ አደገች፤ ትምህርት ቤት ገባች። ሊቀ መንበሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ አዮን ሳይጠይቅ ሄደ።

ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት ሲመለስ አዮ መናኸሪያ መዋል ጀመሩ። እግራቸው የቆሳሰለ፣ ጨርቃቸው ያለቀ ወንዶች ከአውቶቡስ ሲወርዱ እያንዳንዳቸውን ፊት ለፊት ያያሉ። «ልጄን ታውቀዋለህ?» ይላሉ፤ ስሙን ይናገራሉ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንዱን ክንዱን ይዘው ቤት ይዘውት መጡ። የጊምቢ ልጅ ነው፤ ከባሌ ጋር በአንድ የጦር ክፍል ነበሩ።

ወንበር ሰጠነው። ውኃ ጠጣ። እኔን አየኝ፤ ልጄን አያት።

«ንገረን» አሉት አዮ።

መሬት መሬት እያየ ነገረን። ግንባር በደረሱ በመጀመሪያው ዓመት ነው የወደቀው። ወሩን ሲነግረን በጣቴ መቁጠር አላስፈለገኝም። ልጄ አልተወለደችም ነበር። ያ ቅዳሜ አዮ ስለ ጥጃዋና ስለ ልጅቷ ቅንድብ ሲያወሩት፣ እሱ ከሞተ ቆይቷል።

አዮ አልጮኹም። «እዚያ ይዘምር ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ወታደሩ ሊዋሽላቸው እንደፈለገ አየሁ። አልሆነለትም። «አልሰማሁትም እናቴ። እዚያ የሚዘምር ሰው አልነበረም።»

«ድምፁስ? ድምፁን ታስታውሳለህ?»

«ድምፁንማ!» አለ፤ ፊቱ ትንሽ ተፈታ። «ዘብ ሲቆም ‹ማነህ?› ሲል፣ እኛ ጓደኞቹ ራሳችን እንኳ እንደነግጥ ነበር።»

አዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውኃ አሙቀው የወታደሩን እግር አጠቡት። «ኧረ እናቴ፣ ይተዉኝ፣ እኔ ልታጠብ» እያለ ለመናቸው፤ አልሰሙትም። ቁስሉን ቅባት ቀቡለት። ከዚያ ጓዳ ገብተው የባሌን የሠርግ ኮት ይዘው ወጡ፤ እኔን በዓይናቸው ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋው። ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና እንዳያመልጠው ተጣድፎ ሲወጣ ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን ኮቱን ከኋላ አየነው። አዮ ያን ጊዜ ነው ክንዴን የያዙት። ደገፍኳቸው፤ አብረን ደፉ ላይ ተቀመጥንና አለቀስን።

በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጥን። ቤተ ክርስቲያናቸው ተመልሶ ስለነበር መዘምራኑም መጡ፤ የአናጢው ልጅም፣ ነርሱም፣ ጸጉራቸው ሸበት ብሎ። አባቴም ከጊዳ አያና መጣ። ሊዘምሩ በየድርሻቸው ተሰልፈው ሲቆሙ፣ የወንዶቹ ዳር፣ ቤዞቹ በኩል፣ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ክፍት ሆኖ አየሁ፤ አውቀው ይተዉት፣ ወይም እንዲሁ ይሁን፣ አልጠየቅኋቸውም።

አዮ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሱ።

«ዛሬስ አትዘምሩ፣ ልጆቼ» አሏቸው። «እንዲሁ አብራችሁኝ ተቀመጡ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ከአዮ ጎን ተቀምጦ እጃቸውን ያዘ። እስኪመሽ ድረስ አልለቀቃቸውም።